ማን አቻኮላት?

እኔ በእንዲህ ዓይነት ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ በዚህ ካልተስማማን ወደ ወሬው ባንገባ ይሻላል። ላሊበላ ተወልጄ፣ «እገሌ እንዲህ ታየው፣ እገሊት እንዲህ ሰማች» ሲባል እየሰማሁ አድጌ፣ አንድም ቀን ፀጉሬ ቆሞ አያውቅም፤ ሰው ድምፅ ሰማሁ ሲለኝ የላላ ቆርቆሮ ነው፣ ነፋስ ነው፣ የተላጠ ሽቦ ነው እላለሁ፣ ዘጠና በመቶውም እኔ ያልኩት ሆኖ ይገኛል። ሥራዬም ይኸው ነው። አዲስ አበባ ሙዚቃ ተምሬ ተመልሼ፣ ከገበያው በላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ መዝሙር እቀዳለሁ፣ ለሠርግና ለሆቴል ድምፅ ማጉያ እተክላለሁ፣ የተበላሸ ቅጂ አጸዳለሁ። ድምፅ ለእኔ የሚለካ ነገር ነው። ስለዚህ ይህን የምነግራችሁ እየተናደድኩ ነው፣ ምክንያቱም ባለፈው ግንቦት አባቴን ከከተማው በላይ ካለው ከአሸተን ተራራ ለማውረድ በሄድኩ ጊዜ የሆነውን፣ እመኑኝ፣ በምንም መለኪያ ላስገባው አልቻልኩም።

የነገሩ መነሻ ወይዘሮ አስካለ ናቸው። ወይዘሮ አስካለ የአንድ ሆቴል ሥራ አስኪያጅ ናቸው፣ እንግዳ በጠፋባቸው በእነዚያ ክፉ ዓመታት በራቸውን ሳይዘጉ የቆዩ ጠንካራ ሴት ናቸው፣ ይህን አልክድም፣ ግን ስለ ሙዚቃ አፋቸውን ሲከፍቱ ጆሮዬን ይዤ መሮጥ ያምረኛል። አንዲት የውጭ አገር እንግዳ ለምስጋና ብላ በፍላሽ የተቀዳ ኦፔራ ትታላቸው ሄዳ ኖሮ፣ በእራት ሰዓት በረንዳው ላይ ሊያሰሙት ፈለጉ። ኦፔራ፣ ለማያውቀው፣ ንግግሩ ሁሉ በዜማ የሆነ ቲያትር ነው፤ ይቺኛዋ ደግሞ አንዲት ሴት ብቻዋን ቆማ ፈጣሪዋን የምትለምንባት ክፍል ናት፣ አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ። ቀረጻው በጣም የቆየ ነው፣ እኔ ሳልወለድ የተቀዳ፣ ከድምፁ በታች ሸክላው ሽርር ሲል ይሰማል።

«ይቺ ሴትዮ እንግዶቼን ልታስለቅስብኝ ነው» አሉኝ። «ቀልጠፍ አድርግልኝ፣ ደስ ደስ ትበል።»

አስረዳኋቸው። ፍጥነቱ በደቂቃ ሃምሳ ስምንት ምት ነው፣ ዘፋኟ አስባበት የያዘችው ነው፤ ኪዩ፣ ማለትም ዜማው የተመሠረተበት ከፍታ፣ ኤፍ ማይነር ነው፣ ከፍ ካደረግነው ድምፅዋ ይቀጥናል፤ ስሜት ደግሞ የሚጫኑት ቁልፍ የለውም አልኳቸው። «ኮምፒውተር አይደለም እንዴ ያለህ?» ብለው ዘጉኝ። ምን ይባላል? ቁጭ ብዬ ወደ ሰባ ሁለት ምት አፋጠንኩት፣ ኪዩንም አንድ ሙሉ ድምፅ ሰቀልኩት፣ ምስኪኗ ሴትዮ አውቶቡስ ሊያመልጣት ሲል የምትጸልይ መሰለች። አፍሬበት ነበር፣ ቢሆንም ሁለቱንም ቅጂ፣ ዋናውንና ያቻኮልኩትን፣ ስልኬ ላይ ጫንኩና በማግስቱ አባቴን ላመጣ ወደ አሸተን ወጣሁ።

አባቴ መሪጌታ ናቸው፣ አገሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። እኔም በልጅነቴ ትምህርት ላይ ስሆን የኔታ፣ ቤት ስገባ አባዬ እንድል ታዝዤ ነው ያደግኩት፣ አንዳንዴ በሩ ላይ ስሆን የትኛውን እንደምል ይጠፋኝ ነበር። የሚያስተምሩት አቋቋም ነው፣ ማኅሌት ላይ ተቆሞ በመቋሚያና በጸናጽል የሚዜመውን። አስተማመራቸው እንዲህ ነው፦ ተማሪው ያዜማል፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ፣ ከሳተ አንድ ቃል አይናገሩም፣ በመቋሚያቸው ድንጋዩን ሁለት ጊዜ ኳ ኳ ያደርጉታል። ከሥሩ ጀምር ማለት ነው። የት ላይ እንደሳትክ አይነግሩህም፣ ራስህ ታገኘዋለህ፣ እስክታገኘው ድረስ ከሥሩ ስትጀምር ትውላለህ።

እኔ እስከ አሥራ ሁለት ዓመቴ እግራቸው ሥር ነበርኩ፣ ጥፋቴም አንድ ብቻ ነበር፣ መቸኮል። ሐረጉ ሲያልቅ ድምፁ ጥቂት ተይዞ የሚቆምባት ቦታ አለች፣ እዚያ ስደርስ እሮጣለሁ። አንድ ቀን አሥራ አንድ ጊዜ ከሥሩ መለሱኝ፣ በአሥራ ሁለተኛው ኳኳታ ተነሥቼ ወጣሁ፣ ወደዚያ ጉባኤ አልተመለስኩም። ስለዚያች ቀን እሳቸው እስከ ዘንድሮ አንድ ነገር አልተነፈሱም፣ እኔም አልጠየቅኩም፣ ስንገናኝ ስለ ገብሱና ስለ ዝናቡ እናወራለን።

ጭንቀቴ ቤታቸው ነበር። ከአሸተን ማርያም ወረድ ብሎ ያለ የድንጋይ ቤት ነው፣ በአልጋቸው በኩል ያለው ግድግዳ እንደ እርጉዝ ሆዱ ወጥቷል፣ ይህን ክረምት እንደማያልፍ ያየው ሁሉ ይናገራል፤ በዚያ ላይ ሳንባቸው የደጋውን ብርድ አልችል ብሎ ሌሊቱን ሲያስሉ ያድራሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ ለመንኳቸው፣ መልሳቸው አንድ ነው፣ «ተማሪ ጥዬ ወዴት እወርዳለሁ?» ተማሪዎቹ ደግሞ በእነዚያ ክፉ ዓመታት አንድ ባንድ ሄደው አለቁ፣ የመጨረሻው ዲያቆንም ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ ኮን ከተማ አገልግሎት አግኝቶ ሳይጨርስ ሄደ። ያኔ «ና ውሰደኝ» ብለው ላኩብኝ። ደስ አለኝ፣ ከዚያ አባቴ ብቻቸውን ስለቀሩ ደስ ማለቱ አሳፈረኝ፣ ሁለቱንም ይዤ ወጣሁ።

ስምንት ሰዓት ላይ ደረስኩ፣ ጠራራ ቀን ነው ልብ በሉ፣ ጨለማ የለ፣ ጥላ የለ። ጎረቤታቸው አያ ሞላ በቅሎውን አምጥቶ ጓዝ ይጭናል፣ ዳዊታቸው፣ ጋቢያቸው፣ አንድ ጆንያ ገብስ፣ ያ ነው ንብረታቸው። የኔታ በራቸው ላይ ካለችው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መሀል ይዘው ይጠብቃሉ። በአቡነ ዮሴፍ ተራራ በኩል ደመና መሰብሰብ ጀምሯል፣ አያ ሞላ እያየው ቶሎ ቶሎ ይላል። እንግዲህ በዚህ መሀል ነው ወይዘሮ አስካለ የደወሉት። ከተማ ውስጥ ሳፈላልጋቸው ኔትወርክ የለም የሚሉኝ ሴት፣ ተራራ ላይ ጥርት ብለው ገቡ፣ ለዛሬ እራት እፈልጋለሁ፣ ደስ ትላለች ወይስ አትልም፣ አሉኝ። አንዴ ሰምቼ እነግርዎታለሁ አልኩና ትንሿን ድምፅ ማጉያ ከቦርሳዬ አውጥቼ ኮርቻው ላይ አስቀመጥኳት፣ ያቻኮልኩትን ቅጂ ከፈትኩት።

«ዘፈን ነው?» አሉኝ የኔታ።

በባዕድ ቋንቋ የሆነ ልመና ነው፣ ፈጣሪዋን ነው የምትለምነው አልኳቸው፣ እውነቴን ነበር። ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ያን መጨፈን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። ሴትዮዋ የመጀመሪያውን ሐረግ እየሮጠች ጨርሳ ወደ ሁለተኛው ልትገባ ስትል የኔታ ድንጋዩን ኳ ኳ አደረጉት።

ቆመች።

እሺ፣ ማንም እንደሚያስበው ድምፅ ማጉያዋ ተቋርጣለች አልኩ፣ ስልኬን አነሣሁ። አልተቋረጠችም፣ ሸክላው ሽርር እያለ ነው፣ የሰከንዱ ቁጥርም ይቆጥራል፣ እሷ ብቻ ናት ዝም ያለችው። ከዚያ ትንፋሽ ሰማሁ፣ ሰው ሊጀምር ሲል በአፍንጫው የሚስበውን ዓይነት፤ ያንን ቅጂ ሁለት ቀን ሙሉ በጆሮ ማዳመጫ ስፈትገው ነው የሰነበትኩት፣ እዚያ ቦታ ላይ ትንፋሽ የለም። ከሥሩ ጀመረች።

የኔታ ዓይናቸውን ገልጠው ወደ እኔ ዞሩ።

«ማን አቻኮላት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ አባዬ፣ እንዲሁ ነው የተቀዳችው» አልኩ፣ ዋሸሁ።

«የራሷ ችኮላ አይደለም። ከኋላዋ የገፋት ሰው አለ።»

ፊቴ ሲቃጠል ተሰማኝ። ለማንኛውም ብዬ የምት መለኪያውን ከፈትኩ፣ ድምፅዋን ለካሁ፣ ሃምሳ ስምንት፣ ኤፍ ማይነር። ዋናውን ነው በስህተት የከፈትኩት ብዬ ስሙን አየሁ፣ አይደለም፣ ያቻኮልኩት ነው፣ «ፈጣን» ብዬ ራሴ የጻፍኩበት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ ቅጂ ሊበላሽ ይችላል፣ ሊቆራረጥ ይችላል፣ ሊያጓራ ይችላል፣ ግን የተለወጠ ቅጂ በገዛ እጁ ወደ ትክክሉ ይመለሳል የሚል ነገር የትም አልተማርኩም፣ ይህን ለማንም ባለሙያ ብትነግሩት ይስቅባችኋል፣ እኔም ስቄ ነበር።

ሁለተኛው ሐረግ መጨረሻ ላይ አሁንም ኳ ኳ። አሁንም ቆመች፣ ቫዮሊኖቹም አብረዋት ቆሙ፣ ከሥሩ ጀመረች። ደግሞ እዚያው ስትደርስ ኳ ኳ። አራት ጊዜ መለሷት፣ በአምስተኛው እዚያች ቦታ ላይ ድምፅዋን ያዝ አድርጋ ቆየችና አለፈች። እኔ ስልኬን እያየሁ ነው። በአንድ በኩል የዜማው ርዝመት ሦስት ደቂቃ ተኩል ይላል፣ በሌላው በኩል የሄደው ጊዜ ስድስት ደቂቃ አልፎ ይቆጥራል። ከሦስት ደቂቃ ተኩል ዕቃ ውስጥ ስድስት ደቂቃ ሲወጣ አስቡት።

«አንተዋ» አለኝ አያ ሞላ፣ የበቅሎዋን ልጓም እንደያዘ፣ «ሴትዮዋ ትሰማቸዋለች እንዴ?»

አትሰማም አልኩት፣ የሞተች ሴት ናት፣ ድምፅዋ ነው የተቀመጠው።

«ታዲያ ስለምን ትመልሳለች?»

ነፋስ ነው ልበለው? ተቆጣሁት፣ ጭነቱን አጥብቅ፣ ዝናብ መጣብን አልኩት፣ ምስኪን፣ ምን አደረገኝ። አጥፍቼ ድምፅ ማጉያዋን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና አባዬ ይነሡ እንሂድ ብዬ እጄን ዘረጋሁላቸው። አልያዙትም። ሳንባቸው ሲያፏጭ ይሰማኛል፣ ፊታቸው ግን ከፋሲካ ወዲህ ያላየሁት ሆኗል፣ ሰው የሆነ ነገር ሊሠራ ሲል እንደሚሆነው።

«ጓዙን አውርዱት» አሉ። «ተማሪ ጥዬ አልወርድም።»

የዚያን ጊዜ የተናደድኩትን ንዴት በዕድሜዬ አልተናደድኩም። ሦስት ዓመት ለምኜ፣ በቅሎ አስጭኜ፣ በራቸው ተዘግቶ፣ አንዲት ከመቃብር ያለች ባዕድ በስድስት ደቂቃ ልመናዬን ሁሉ አፈረሰችው። አባዬ፣ አልኩ፣ ይቺ ሴት የለችም፣ እርስዎ ልጅ ሆነው ይሆናል የሞተችው፣ ይህ የድምፅ ዕቃ ነው፣ ግድግዳው ሊወድቅብዎት ነው፣ አልኩ፣ ጮኼም ይሆናል።

«የሞተ ሰው አይታረምም» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ። «ይቺ ትታረማለች።»

አያ ሞላ ወደ እኔ ሳያይ ጆንያውን አወረደ። ዝናቡ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። እኔም፣ ምን አማራጭ አለኝ፣ ስልኩ የእኔ ነው፣ አባቴ የእኔ ናቸው፣ እዚያው ቀረሁ።

ሦስት ቀን ቆየሁ። ጠዋት ዳዊታቸውን ከደገሙ በኋላ «አምጣት» ይሉኛል፣ ድንጋይዋ ላይ ይቀመጣሉ፣ እኔ እከፍታለሁ፣ እሳቸው ይመልሷታል። ባትሪው ሲያልቅ በያዝኳት ባትሪ መሙያ እሞላለሁ፣ እሷም ስታልቅ አያ ሞላ ከታች ሰፈር ካለ የፀሐይ ኃይል ሞልቶ ያመጣልኛል፣ ሰውየው ከእኔ ብሶ ገብቶበታል፣ እርሻውን ትቶ አጥር ሥር ተቀምጦ ይሰማል። ወይዘሮ አስካለ ይደውላሉ፣ አላነሣም። በሁለተኛው ቀን ኃይለኛ ዝናብ ጣለ፣ ቤት ገባን፣ ግድግዳው ውስጥ ድንጋይ ከድንጋይ ሲፋጭ ጭርር የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ አልጋቸውን ጎትቼ ወደ በሩ አስጠጋሁት። ይህ ነው እኔን የሚያስፈራኝ ድምፅ፣ እሳቸው ግን ዞርም አላሉ፣ መሬቱን ኳ ኳ አደረጉትና «ከሥሩ» አሏት። በቃል ሲያርሙ ስሰማ ያን ቀን መጀመሪያዬ ነው። ለእኔ አንድም ቀን በቃል አላሉኝም። ቀናሁ፣ አዎ፣ ብያችሁ ልለፍ፣ በሸክላ ላይ ባለች ሴት ቀናሁ።

አሁን ደግሞ ስሙኝ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ቫዮሊኖቹ ጠፉ። መጀመሪያ ቀጠኑ፣ ከዚያ ራቁ፣ ከዚያ የሉም፣ ብቻዋን ቀረች፣ አንድ ተማሪ የኔታ ፊት ብቻውን ቆሞ እንደሚያዜመው። ሸክላውም ሽርር ማለቱን ተወ፣ በሱ ፈንታ ከኋላዋ የሚሰማው ነፋስ ሆነ። የእኛው ነፋስ ነው ብዬ ስልኩን ይዤ ከበሩ ወጣሁ፣ ዝናቡ አባርቶ ነበር፣ የገብሱ ማሳ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ቅጠል አይነቃነቅም። ነፋሱ እሷ ዘንድ ነው ያለው። ከነፋሱም ውስጥ አንድ ጊዜ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ደክሟት እንደሆነ፣ ይቅርታ እንደምትጠይቅም። ተመልሼ ገባሁና ስልኩን የኔታ አጠገብ አኖርኩት።

ስሜቱስ ካላችሁኝ፣ ያ ወይዘሮ አስካለ ደስ ደስ ይበል ያሉት ስሜት፣ ያ ብቻ ነው በትክክል የምነግራችሁ። ስትጀምር እያለቀሰች የምትለምን ሴት ነበረች። በሦስተኛው ቀን ለቅሶው የለም። ደስታም አልነበረም። የሚሰማት እንዳለ ያወቀች ሰው የምትለምነው ልመና ሆነ፣ ቀስ ያለ፣ የማይቸኩል፤ ለካሁት፣ ሃምሳ አንድ ምት፣ ኪዩ ደግሞ ከማውቃቸው ኪዮች በሁለቱ መሀል የሚያርፍ፣ ፒያኖ ላይ የሌለ። በሦስተኛው ቀን አራት ሰዓት ላይ ከመጀመሪያዋ እስከ መጨረሻዋ ዘለቀችው። የኔታ መቋሚያቸውን አንሥተው ያዙ፣ ሐረግ ባለቀ ቁጥር እጃቸው ይቃጣና ይቆማል፣ አልመቱም። ስትጨርስ አያ ሞላ አጥሩ ሥር አማተበ።

«ጨረሰች» አሉ የኔታ። «እግዚአብሔር ይስጥሽ ልጄዋ። እንግዲህ አስተምሪ።»

ብድግ ብለው ጋቢያቸውን አጣፉ፣ ወደ በቅሎዋ ራሳቸው ሄዱ። ሦስት ዓመት የለመንኩት መውረድ ይህን ያህል ነበር።

ቁልቁለቱን አያ ሞላ ልጓሙን ይዞ፣ እኔ ከጎን ደግፌያቸው ስንወርድ ያስላሉ፣ ያርፋሉ። ከተማው ቁልጭ ብሎ የሚታይበት ጥግ ላይ ስንደርስ በቅሎዋን አስቆሙ።

«መውረዱ አልነበረም የከበደኝ» አሉኝ። «የሚያርምህ ሰው ሳላስቀምጥ ነበር የምወርደው።»

አላየኋቸውም፣ ኮርቻውን አጠብቃለሁ ብዬ ጎንበስ አልኩ፣ ዓይኔ ሞልቶ ነበር። አያ ሞላም በቅሎዋን ማየት ጀመረ።

በወረድን በአራተኛው ቀን አያ ሞላ ደወለልኝ፣ ግድግዳው ወድቋል፣ አልጋው የነበረበት ቦታ እስከ ጣሪያ ድረስ ድንጋይ ነው አለኝ። ጎረቤቱ ሁሉ ሴትዮዋ አዳነቻቸው ይላል አሉ። እናንተም እንዳትሉኝ፣ እባካችሁ፣ እሷ ናት ሦስት ቀን ያቆየችን፣ በሁለተኛው ቀን ቢወድቅስ ኖሮ ምን ሊባል ነበር?

ከተማ እንደገባሁ መጀመሪያ ያደረግኩት የወይዘሮ አስካለን ፍላሽ መክፈት ነው። ምንም አልሆነም፣ ሸክላው ሽርር ይላል፣ ቫዮሊኖቹ በቦታቸው አሉ፣ አራት ደቂቃ ከሃያ፣ ሃምሳ ስምንት ምት፣ ታለቅሳለች። በረንዳው ላይ ሰማነው፣ ወይዘሮ አስካለ አሁንም ዘገየች ብለው አኮረፉኝ፣ ሌላ ሰው ይፈልጉ ብዬ ወጣሁ። ስልኬ ላይ «ፈጣን» የሚለውን ደግሞ ለሁለት ሳምንት አልከፈትኩትም። ስከፍተው እሷ ብቻዋን ናት፣ ከኋላዋ ነፋስ፣ ሃምሳ አንድ ምት። ኮምፒውተር ላይ አዛወርኩት፣ ያው ነው። በደንብ ልመርምረው ብዬ እየሰማሁ እንደ ልማዴ በአፌ ሳንጎራጉር፣ የመጀመሪያው ሐረግ መጨረሻ ላይ ስደርስ ቆመች። ትንፋሽ ሳበች። ከሥሩ ጀመረች።

ዝም ብዬ ስሰማት እስከ መጨረሻው ትዘልቃለች። ሳንጎራጉር ብቻ ነው የምትቆመው፣ ሁልጊዜም እዚያችው ቦታ ላይ፣ ልጅ ሆኜ በምሮጥባት።

አባቴ አሁን ደህና ናቸው፣ ሳላቸው ቀንሷል፣ ረፋድ ላይ ከክፍሌ በር ፊት ለፊት ፀሐይ ይሞቃሉ። በየቀኑ «የት ደረስህ?» ይሉኛል። የሚሉት ስለምን እንደሆነ የማላውቅ ለመምሰል ሞከርኩ፣ አልሆነም። አባዬ፣ ይህ ነገር ምንድን ነው፣ ይንገሩኝ አልኳቸው አንድ ቀን። «እኔን አትጠይቀኝ» አሉኝ፣ «የኔታህን ጠይቃት።»

ትናንት ምሳ ሰዓት ላይ ለራሴ ቃል ገብቼ፣ ዛሬ አልቸኩልም ብዬ በሩን ዘግቼ ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ሐረግ ይዤ ቆየሁ፣ አሳለፈችኝ፤ በሠላሳ ስምንት ዓመቴ እንደ ሕፃን ደስ አለኝ። ሁለተኛው መጨረሻ ላይ ሮጥኩ መሰለኝ፣ ድንጋይ ላይ ሁለት ጊዜ ኳ ኳ ሲል ሰማሁ። የክፍሌ ወለል ሲሚንቶ ነው። በሩን ከፈትኩ፣ አባቴ ወንበራቸው ላይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል፣ አፋቸው ተከፍቷል፣ መቋሚያቸው ከክንዳቸው ርቆ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ከኋላዬ ነፋሱ ይሰማል፣ እሷ ዝም ብላለች፣ እየጠበቀችኝ ነው።

ምን ላድርግ? በሩን መልሼ ዘጋሁና ከሥሩ ጀመርኩ።